የሱካርኖ ልጅ፣ አንድ ካሴት፣ አንድ ክምር ነሐስ፦ ጉሩህ ጂፕሲን የሰማ አለ?

ሌሊት አድማጭ፦

ሰላም ቤተሰብ። ይህን ክር የከፈትኩት አንድ አልበም ሦስት ቀን ሙሉ አልለቀኝ ስላለ ነው። ቤት ውስጥ የማወራው ሰው አጣሁ። ባለቤቴ «ያ የሳህን ጫጫታ ደግሞ ተጀመረ?» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ስለዚህ እናንተው ቻሉኝ።

ባንዱ ጉሩህ ጂፕሲ ይባላል። የጃካርታ ልጆች ናቸው። ያወጡት አልበም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በ1977፣ በካሴት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።) ቀረጻው በ1975 ተጀምሮ እስከ 1976 ቆየ፣ ትሪ አንግካሳ በሚባል ስቱዲዮ። ዛሬ በአገሩ ስሙ ከባድ ነው። የኢንዶኔዥያው ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2007 የምንጊዜም 150 ምርጥ አልበሞችን ሲደረድር ሁለተኛ ላይ አስቀምጦታል። ከአገሩ ከወጣ ግን የሚያውቀው የኔ ቢጤ ሌሊት የማይተኛ ብቻ ነው።

ጂፕሲ፣ ጉሩህ የሚባለው ልጅ ከመምጣቱ በፊትም የነበረ ባንድ ነው። ፔጋንግሳን በሚባል ሰፈር በናሱቲዮን ወንድማማቾች ቤት እየተጠራቀሙ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ። በ1973 ኒውዮርክ ሄደው ራማያና በሚባል የኢንዶኔዥያ ምግብ ቤት ሠርተዋል። እራቱን ለሚበላ እንግዳ የሰው ዘፈን መጫወት፣ በቃ። ጉሩህ ደግሞ ከልጅነቱ የባሊ ደሴት ውዝዋዜና ጋሜላን የተማረ ልጅ ነው። አባቱ ሱካርኖ ነው። አዎ፣ ራሱ ሱካርኖ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት። የሱካርኖ እናት የባሊ ሴት ነበሩ፤ ዘሩ ከዚያ ይመጣል።

ሁለቱ ወገን ተገናኙ። ኪናን ናሱቲዮን ድራም፣ ወንድሙ ኦዲንግ ጊታር፣ ክሪስዬ ቤዝና ድምፅ፣ ሮኒ ሃራሃፕና አባዲ ሱስማን ፒያኖና ኪቦርድ። ከጎናቸው ኢ ጉስቲ ኮምፒያንግ ራካ የሚመሩት የባሊ ጋሜላን ቡድን። ጋሜላን ለማታውቁ፦ በመዶሻ የሚመቱ የነሐስ ቁልፎች፣ ድስት የመሰሉ ጎንጎች፣ ከበሮና ጽናጽል፣ ሁሉም በአንድ ላይ።

የመጀመሪያው ሥራ «ኢንዶኔዥያ ማሃርዲካ» ከ15 ደቂቃ በላይ ነው። ስጀምር እንጀራ እየበላሁ ነበር፤ ግማሽ ላይ አቆምኩት። በማግስቱ መብራት አጥፍቼ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ያኔ ገባኝ። ሲንተሳይዘሩና ነሐሱ እየተቀባበሉ ይሄዱና አንድ ቦታ ላይ ማን አጃቢ ማን ታጃቢ እንደሆነ ይጠፋችኋል።

ጥያቄዬ እሱ ነው። እውነት ተዋህዷል? ወይስ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው እኔ ነኝ በሌሊቱ ያዋሃድኳቸው?

ዘነበ ነኝ፦

አስር ደቂቃ ሰማሁ። ሚስትህ ልክ ናት።

ገመድ አልባ፦

ኧረ ተው ዘነበ። እኔ ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልበል። ይሄ ነሐስ የሚመታው ዜማ አምባሰል ነው! ክራሬን አንስቼ ልከተለው ሞከርኩ፤ ሊገጥም ምንም አልቀረው። ኢንዶኔዥያ ድረስ እንዴት ሄደ?

ቃና ቆጣሪ፦

አልሄደም ወንድሜ። አምባሰልም አይደለም። የጠረጠርከው ግን በከንቱ አይደለም።

ባሊ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትሰማው ፔሎግ የሚባለው የቅኝት ቤተሰብ ነው፤ ከሱ ውስጥ ሰሊሲር የተባለው አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት። ጠባብ እርምጃ አለው፣ ከዚያ ሰፊ ዝላይ፣ ደግሞ ጠባብ፣ ደግሞ ሰፊ። አምባሰልም እንደዚያ ነው የሚራመደው። ጆሮህ የያዘው ያንን ጠባብና ሰፊ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ይለያል። ለዚህ ነው «ሊገጥም ምንም አልቀረው» ያልከው፣ ያው አልገጠመም።

ደግሞ በፒያኖ አትፈልገው፤ ልኩ ፒያኖ ላይ የለም። እያንዳንዱ የጋሜላን ስብስብ ለራሱ ብቻ ነው የሚቃኘው። ከአንዱ መንደር ስብስብ አንድ ቁልፍ ወስደህ ሌላው መንደር ላይ ብትሰካው ያስጠላል። ባሊዎች እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራሉ። መሣሪያዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ሆን ተብሎ ከሌላው በጥቂት ዝቅ ተደርጎ ይቃኛል። ዝቅ ያለው ፔንጉምባንግ፣ ከፍ ያለው ፔንጊሴፕ ይባላል። አንድ ላይ ሲመቱ ድምፁ አይረጋም፤ ይርገበገባል። ይህን ርግብግቢት ኦምባክ ይሉታል፣ ማዕበል ማለት ነው። እሱ ከሌለ ነሐሱ የሞተ ነው የሚመስላቸው። በገና ላይ ከአውታሩ ሥር የምትገባውን ቁራጭ ቆዳ አስቧት። ብታወጣት ድምፁ ይጠራል፤ ግን በገና መሆኑ ይቀራል።

ሚስቱ የሰማችው «የሳህን ጫጫታ» ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዷ ዘነዘናዋን ስታነሳ ሌላዋ ታወርዳለች። አንዷ ብትቆም ምቱ ግማሽ ነው። ባሊዎች ይህን በዜማ ያደርጉታል፤ ኮቴካን ይባላል። አንዱ ወገን ፖሎስ፣ ሌላው ሳንግሲህ። ለየብቻ ብትሰማቸው የተበሳሳ ጨርቅ ናቸው። ሲገጣጠሙ አንድ ሰው በሁለት እጁ ሊመታው የማይችል ፍጥነት ይወጣል።

ሌሊት አድማጭ፦

የሙቀጫዋን ለባለቤቴ አነበብኩላት። «እናቴ ሙቀጫ ስትወቅጥ አንድ ሰዓት አትቆይም ነበር» አለችኝ።

እውነቱን ንገሩኝ፦

ይቅርታ ግን እኔ አልተዋጠልኝም። የፕሬዚዳንት ልጅ ነው፤ ስቱዲዮው አለ፣ ጓደኞቹ ጊታርና ሲንተሳይዘር አላቸው። ከዚያ የባሊ ነሐስ መቺዎችን አምጥቶ እንደ ቅመም ነሰነሰባቸው። ሽሮ ላይ ማዮኔዝ። ስንት ጊዜ አይተናል? አንድ ማሲንቆ አስገብቶ «ባህላዊና ዘመናዊን አዋሃድኩ» የሚለውን።

ቃና ቆጣሪ፦

ፍርሃትህ ይገባኛል። የኔ መለኪያ ግን ሌላ ነው። ማን ለማን ታጠፈ?

ጊታር ቁልፉን አዙረህ ትቃኘዋለህ። ነሐስ ግን በሞረድ ነው የሚቃኘው። ትፍቃለህ፣ ትሰማለህ፣ ትፍቃለህ። ሞረድ የበላውን ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይጫወቱ ካልክ መታጠፍ ያለበት የፈረንጁ መሣሪያ ነው። የማሲንቆው ዘፈን የሚያናድድህ ለምንድነው? ማሲንቆው ወደ ኪቦርዱ ስለተጎተተ ነው።

እዚህ አልበም ላይ አንዳንድ ቦታ ፒያኖና ነሐስ ሲፋጩ ይሰማኛል። እኔ ወድጄዋለሁ። ሁለት ሰዎች ሳይስማሙ አንድ አግዳሚ ላይ እንደተቀመጡ ነው።

ጋሼ ሸክላ፦

ልጆች፣ ትልቁን ጉድ ዘለላችሁት።

የዚህ ልጅ አባት የሮክ ጠላት ነበሩ። ሱካርኖ የምዕራብን ዘፈን «ንጋክ ንጊክ ንጎክ» እያሉ ነበር የሚያሽሟጥጡት። በቀልድም አልቀረ። በ1965 ኩስ በርሳውዳራ የሚባሉ ወንድማማቾች የቢትልስን ዓይነት ሙዚቃ ተጫወታችሁ ተብለው ታሰሩ። ግሎዶክ እስር ቤት፣ ሦስት ወር። ወጣቶች ናቸው እኮ! ሽጉጥ አልተገኘባቸው፣ ጊታር ነው።

በአሥረኛው ዓመት የራሳቸው ልጅ ጊታርና ድራም ይዞ ስቱዲዮ ገባ። አባትየው አላዩትም። ሥልጣኑን በ1967 አጡ፣ በ1970 አረፉ። ልጁ ሲቀዳ አገሩን የያዙት ሱሃርቶ ናቸው።

እንግዲህ አስቡት። አባት «የራሳችሁን ባህል ያዙ» ብለው ልጆች አሰሩ። ልጅ ያንኑ ባህል ይዞ በንጋክ ንጊክ ንጎኩ ላይ ጫነው። አባቱን መታዘዙ ይሁን መቃረኑ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

የኛ ዘመን ሰው ሱካርኖን የሚያውቀው በባንዱንግ ነው። በ1955ቱ የእስያና አፍሪካ ጉባኤ ከ29ኙ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ዘፈን ጠል መሆናቸውን ግን በኋላ ነው የሰማሁት።

ገመድ አልባ፦

ጋሼ፣ ያኔ በ77 ይህን ካሴት ሰምተውት ነበር?

ጋሼ ሸክላ፦

ኧረ የለም ልጄ። እኔ በ77 ምን እንደምሰማ ሌላ ክር ክፈቱና እነግራችኋለሁ።

ሂሩት ዱባይ፦

ሰላም። እኔ ስለ ሙዚቃ ብዙም አላውቅም፤ ዝም ብዬ ነው የማነበው። ግን አብራኝ የምትሠራ የኢንዶኔዥያ ልጅ አለች፣ አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። «ጉሩህ ጂፕሲ ታውቂያለሽ?» አልኳት። አላወቀችም። ስማቸውን አንድ በአንድ ሳነብላት «ክሪስዬ» ስል ከአልጋዋ ተነሳች። እሱን የማያውቅ የለም አለች። እናቷ ወጥ ስትሠራ የምታንጎራጉረው የሱን ነው። እሱ ግን የፍቅር ዘፋኝ ነው፣ ሮከኛ አይደለም ብላ ተከራከረችኝ።

ሌሊት አድማጭ፦

ሂሩትዬ፣ ጓደኛሽም ልክ ናት፣ እኛም ልክ ነን። ክሪስዬ እዚህ ካሴት ላይ የባንድ ልጅ ነበር። በዚያው በ1977 የፊልም ዘፈን አልበም ላይ ዘፈነና አገር አወቀው፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ፣ ማለትም እስከ 2007፣ ትልቅ የፖፕ ኮከብ ነበር። ያ የፊልም ዘፈን አልበም ነው በዚያው ዝርዝር ውስጥ አንደኛ የወጣው! አንድም ሁለትም ላይ የአንድ ሰው ድምፅ።

ቀን አስታዋሽ፦

አንድ ነገር ግራ ገባኝ። አንዱ ዘፈን «ጃንገር 1897 ሳካ» ይላል። በ1897 ነው እንዴ የተደረሰው?

ሌሊት አድማጭ፦

ሃሃሃ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ሳካ የባሊዎች ዘመን አቆጣጠር ነው። ከፈረንጅ 78 ዓመት ይዘገያል። 1897 ሲደመር 78፣ 1975 ይሆናል። የተቀዳበት ዘመን ነው በቃ። ጃንገር ደግሞ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው እየዘፈኑ የሚያደርጉት የባሊ ጭፈራ ነው። ያንን ወስደው ሮክ አደረጉትና ቀኑን በራሳቸው ቆጠሩ።

ቀን አስታዋሽ፦

እኛ ሰባት ስምንት ዓመት ስንዘገይ ቱሪስቱ «አገራችሁ ገብቼ ወጣት ሆንኩ» እያለ ያደክመናል። በባሊዎቹ 78 ሲያይ ምን ይል ይሆን? ሳይወለድ ነው የገባው።

ጋሼ ሸክላ፦

በሳካ አዲስ ዓመታቸው ደግሞ ኛፒ የሚባል የዝምታ ቀን አላቸው። መብራት የለም፣ ሥራ የለም፣ መንገድ ላይ መውጣት የለም። አውሮፕላን ማረፊያው ሳይቀር ሃያ አራት ሰዓት ይዘጋል። እኛ ዋዜማውን ችቦ አብርተን እንጮሃለን፣ እነሱ አጥፍተው ዝም። አይ አምላክ።

ፕሮግ ብቻ፦

እዚህ ክር ላይ በመዘግየቴ ተናድጃለሁ። ጉሩህ ጂፕሲ መነሻው ነው፤ እዚያ አትቁሙ።

ዲስከስ የሚባል የጃካርታ ባንድ ፈልጉ። በ1996 የተጀመረ፣ የኢዋን ሃሰን። ሰውየው 21 አውታር ያለው የበገና ጊታር ይጫወታል፤ ሃያ አንድ! የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1999 ያወጣላቸው የጣሊያን ኩባንያ ነው። ሁለተኛውን በ2003 አወጡ። እዚያ ላይ «አን» የሚል ረጅም ሥራ አለ፤ ከናዚ ተደብቃ በጻፈችው በአይሁዳዊቷ ልጅ በአን ፍራንክ ማስታወሻ ላይ የተመሠረተ። የኢንዶኔዥያ ዋሽንት፣ ቫዮሊን፣ ጃዝ፣ ሜታል፣ ሁሉም ይገባል። ብዙ ነው፤ አንዳንዴ በጣም ብዙ ነው። እኔ እንኳ በአንድ ቁጭታ አልጨርሰውም።

የምወዳቸው ግን ሲማክዲያሎግ ናቸው። ሪዛ አርሻድ ኪቦርድ፣ ቶህፓቲ ጊታር። ድራም የለም! ኬንዳንግ የሚባለው የሱንዳ (የምዕራብ ጃቫ ሕዝብ) ከበሮ ነው በድራሙ ቦታ የተቀመጠው። መሬት ተቀምጠው በእጅ ነው የሚመቱት። በ2007 «ፓታሃን» ወጣ፤ ሙንጁን የሚባል የኒውዮርክ ኩባንያ ነው ለዓለም ያደረሰው። ሪዛ በ2017 መጀመሪያ ላይ አረፈ።

እውነቱን ንገሩኝ ለሚለው ወንድማችን ደግሞ ክራካታው አለልህ። በ80ዎቹ ጥሩ የጃዝ ፊውዥን ባንድ ነበሩ። በ90ዎቹ ሱንዳ ጋሜላን ውስጥ ሲገቡ ኪቦርዱን ራሱን ስሌንድሮ በሚባለው ቅኝት አስተካከሉት። ቤዙ ላይ ፍሬት (አንገቱ ላይ ድምፁን የሚከፋፍለው ብረት) የለም፣ ስለዚህ ጣት ወደፈለገበት ይሄዳል። ሽሮው አልተቀየረም፤ ማዮኔዙ ነው በርበሬ የሆነው።

እውነቱን ንገሩኝ፦

«ፓታሃን»ን ሰማሁ። እጅ ሰጥቻለሁ። ከበሮው እኮ አያጅብም፣ ይናገራል። ግን ይህ ለጉሩህ ጂፕሲ ምስክር አይሆንም፤ ከሱ በኋላ ሰላሳ ዓመት አልፏል።

ሌሊት አድማጭ፦

እሺ፣ እንግዲያው «ሾፓን ላሩንግ»ን ልንገርህ። እኔን የጣለኝ እሱ ነው።

ላሩንግ ማለት ወደ ባሕር መልቀቅ ነው፣ መሥዋዕት እንደሚለቀቀው። ግጥሙ በባሊኛ ነው፣ የሚዘፍነው ክሪስዬ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሾፓን፣ ያ ፖላንዳዊው ፒያኖ ደራሲ፣ ሳኑር ባሕር ዳርቻ ላይ ይዋኛል። ሳኑር የባሊ የሆቴሎች ዳርቻ ነው። አንዲት ጀልባ ትናወጣለች። ለምን? የባሕሩ አምላክ ባሩና ተቆጥቷል። ሾፓን ግን አያምንም፤ የሱ ወገኖች የሰውን ጥበብና ባህል እያበላሹ መሆኑን አይቀበልም።

አሁን ስማ። ይህ ሁሉ ሲባል በዘፈኑ ውስጥ የሚመጣው ፒያኖ የማን ነው? የራሱ የሾፓን! «ፋንታዚ አምፕሮምፕቱ» ከሚባለው ሥራው ወስደው እዚያው ነሐሱ ጎን አስቀምጠውታል። የሚወቅሱትን እንግዳ ራሱን ቤት አስገብተው አጫወቱት።

«ገገር ገልገል»ም እንደዚያ ነው፤ 12 ደቂቃ። ገልገል የድሮው የባሊ መንግሥት መቀመጫ ነው። ገገር ማለት ምን መሰላችሁ? ግርግር! በድምፅም በትርጉምም ገጠመልን። ግርግር በገልገል።

እውነቱን ንገሩኝ፦

ቱሪስትን የሚወቅስ ዘፈን፣ ቱሪስቱ በሚሰማው በሮክ፣ በጃካርታ ስቱዲዮ። ራሳቸውስ ባሊ ሲሄዱ ሆቴል አይደል የሚያድሩት?

ቃና ቆጣሪ፦

ይህን እነሱም የሚያውቁት ይመስለኛል። ለዚህ ነው ፒያኖውን ያላባረሩት።

ዘነበ ነኝ፦

በእናንተ ነገር ሾፓኗን ሰማሁ። ሁለቴ። ሌላ ቃል አይወጣኝም።

ፕሮግ ብቻ፦

ዘነበ ተጠመቀ!

ሌሊት አድማጭ፦

ሂሩት፣ ካለሽልን አንድ ነገር። ጓደኛሽን «ሾፓን ላሩንግ»ን አሰሚያትና ግጥሙን በደንብ አስተርጉሚልን። እኔ ያነበብኩት ትርጉም የትርጉም ትርጉም ነው።

ሂሩት ዱባይ፦

አሰማኋት። ሥራ ጨርሰን እግራችንን ዘርግተን ነበር። ዘፈኑ ሲገባ ገና ሁለት ስንኝ ሳይሞላ «ክሪስዬ ነው! ክሪስዬ ነው!» ብላ ጮኸች፣ ጎረቤት ግድግዳ መታብን። ከዚያ ዝም አለች። ፊቷን አያለሁ፤ ግራ ገብቷታል። «ምን ይላል?» አልኳት። «አላውቅም» አለች። «ባሊኛ ነው። እኔ የጃቫ ልጅ ነኝ። ለኔም የውጭ ቋንቋ ነው።» የያዘችው ሾፓንን፣ ደግሞ «ሴኒ ቡዳያ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ጥበብና ባህል ማለት ነው አለችኝ። ገገር ግን በጃቫኛም ግርግር ነው፣ እሱን አረጋግጣለች።

ባሊ ያደገች ልጅ ሻርጃ ውስጥ ታውቃለች፤ አርብ ትጠይቅልኛለች። አሁን ስልኬን ነጥቃኝ ያን የ15 ደቂቃውን ከፍታለች። ይህን የምጽፈው በሷ ስልክ ነው፣ የአማርኛው ፊደል አልመች ብሎኝ አንድ ሰዓት ፈጀሁ። እሷ ዓይኗን ጨፍናለች። የኔው ባትሪ 9 ፐርሰንት ነበር።